ከውጭ ማኅበራት ጋር በአንድ ዘመቻ ስንሰለፍ ጥያቄውን የሚጽፈው ማን ነው?

የማኅበር ጸሐፊ (ቆዬ ፈጬ)

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬ ይድረስ። ከቤይሩት፣ ከሪያድና ከኩዌት ተመልሰን በቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየምና በአካባቢው የምንኖር ሴቶች ያቋቋምነው ማኅበር አለን። ሲጀመር ዓላማው በሰው አገር ሕይወቷ ያለፈ እኅት አስከሬኗ እንዲመጣ ገንዘብ ከማዋጣት አያልፍም ነበር። እያደር ግን የቀረባት ደመወዝ እንዲመለስላት የምትፈልገውም፣ የልጇ ስልክ ከተዘጋ ወራት ያለፏት እናትም፣ ነገ ልትሳፈር «ውሉን ማን ያንብብልኝ» የምትለውም ወደ እኛ መምጣት ስለጀመሩ ሳናስበው ከመረዳጃነት ወደ ሌላ ሥራ ተሻገርን።

በቅርቡ በአውሮፓ የሚንቀሳቀስ የማኅበራት ጥምረት ደብዳቤ ላከልን። የቤት ሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው የከፋላ ሥርዓት እንዲቀር በበርካታ አገሮች በአንድ ጊዜ ዘመቻ ሊከፍት ማቀዱን ገልጾ፣ ተዘጋጅቶ ባለቀ የአቤቱታ ጽሑፍ ላይ ስማችንንና ማኅተማችንን እንድናኖር፣ ጉዳት የደረሰባቸው አባላትም ታሪካቸውን በቪዲዮ እንዲናገሩ ይጠይቃል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። የአንዲት አባላችን ልጅ እንደተረጎመችልን ከሆነ ስለ ፓስፖርት መነጠቅና ስለ ዕረፍት ቀን በሚገባ ያትታል። እዚህ አዲስ አበባ ስላሉት ደላሎችና ኤጀንሲዎች፣ ሴትዮዋ ከተመለሰች በኋላ እዚያው ስለሚቀረው ደመወዝ ግን አንድም ቃል የለበትም፤ ወደ እኛ የሚመጣው አቤቱታ ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ነው።

በብሎካችን ኮሚናል ተሰብስበን ስንነጋገርበት ሐሳባችን ለሁለት ተከፈለ። ገሚሶቹ «ይህን ያህል ዓመት የሚሰማን አጥተን ኖረን፣ ዛሬ የሚጠይቀን ሲገኝ ዝም ማለት ነውር ነው» አሉ። ሌሎቹ ታሪካቸው ለማን እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚጠቀምበት ሳያውቁ ፊታቸውን ለካሜራ መስጠት አልፈለጉም። ገንዘብ ያዣችን ማኅተሙን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠች በኋላ «ያላነበብሁትን ወረቀት በዚህ አላትምም» ብላ መልሳ ከተተችው፤ ስብሰባውም ያለ ውሳኔ ተበተነ።

እንዲህ ባለ ድንበር ተሻጋሪ ዘመቻ ውስጥ እንደ እኛ ያለ ትንሽ ማኅበር ስሙን ከማዋስ ያለፈ ድርሻ ይዞ ያውቃል ወይ? ይዞ የሚያውቅ ከሆነስ በምን መንገድ? የምታውቁ እንድታስረዱን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የታሪክ መምህር (ሰበታ)

እኅታችን፣ ያነሡት ጥያቄ በእናንተ የተጀመረ አይደለም፤ የአገራችን ስም ራሱ በዚህ ዓይነት ዘመቻ መሐል አልፏል። ኢጣሊያ ለወረራ ስትዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ለንደን ውስጥ «የአቢሲኒያ ዓለም አቀፍ አፍሪካውያን ወዳጆች» የሚባል ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። የትሪኒዳዱ ሲ.ኤል.አር. ጄምስ፣ የጃማይካዋ ኤሚ አሽዉድ ጋርቬይና የኬንያው ጆሞ ኬንያታ ነበሩበት። ሁሉም ከቅኝ ግዛት የመጡ ናቸውና ለኢትዮጵያ ሲጮኹ የሚጮኹት ለራሳቸውም ጭምር ነበር። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ደግሞ በግንቦት 1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ማሳተም ጀምራ ሃያ ዓመት ያህል ገፋችበት፤ በመጨረሻም አዲስ አበባ መጥታ ኖረች፤ መቃብሯም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

ለእናንተ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኒውዮርኩ ታሪክ ነው። በሐርለም የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር፤ ሰብሳቢው ኮሚቴ በመብዛቱ ግን የትኛው በኢትዮጵያ ስም ለመናገር ሥልጣን እንዳለው መለየት አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ በ1936 ከመካከላቸው መልእክተኞች መርጠው እንግሊዝ በስደት ላይ ወደነበሩት ንጉሠ ነገሥት ላኩና ተወካይ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። የተላከላቸው በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረው ዶክተር መላኩ በያን ነበር። በ1937 «የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን» ተመሠረተ፤ የራሱንም ጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ደጋፊዎቹ ራሳቸው «ያለ እናንተ ሰው በስማችሁ መናገር አንችልም» ማለታቸው ነው። የእናንተ ጥምረት ይህን ብሎ ያውቃል?

ዘመቻው ያላደረገውን መደበቅ ግን አይገባም። የመንግሥታቱ ማኅበር በኢጣሊያ ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን ሳይነካ ቀርቶ በሐምሌ 1936 ተነሣ፤ እንግሊዝም በ1938 ወረራውን አወቀች። ያ ሁሉ ሰልፍና ጋዜጣ መንግሥታቱን አላስቆማቸውም።

ተጠራጣሪው (ሰንዳፋ)

መምህር ያቀረቡት ታሪክ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የዛሬዎቹን ዘመቻ አድራጊዎች በዚያ ዘመን ሰዎች ሚዛን መመዘን አይገባም ባይ ነኝ። እኔ የማስታውሰው የ1977ቱን ድርቅ ነው። በሐምሌ 1985 እ.ኤ.አ. ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ለረሃብተኛው ብዙ ገንዘብ ማሰባሰቡን አልክድም። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያዊ በሄደበት ሁሉ የተቀበለው ያ አጥንቱ የወጣ ሕፃን ምስል ነበር። ሕፃኑም ሆነ እናቱ «ይህ ምስል ይሰራጭ» ብለው የተጠየቁ አይመስለኝም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ግልገል ጊቤ ሦስት ነው። ግድቡ እንዳይሠራ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች የኬንያውን «የቱርካና ሐይቅ ወዳጆች» ይዘው ለዓመታት ዘመቱ። የማኅበሩ መሪ ኢካል አንጀሌይ በ2012 እ.ኤ.አ. የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን ተቀበለች፤ የዓለም ባንክና የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክም ለግድቡ ገንዘብ ሳያወጡ ቀሩ። ታዲያ ምን ሆነ? የቻይና ባንክ ገባ፤ ግድቡም በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቆ 1,870 ሜጋ ዋት ለማመንጨት በቃ። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ መብራት ስለሌለው የእኛ ገበሬ የተናገረ የውጭ ድርጅት አላየሁም። ስለዚህ ለእኅታችን የምመክረው ደብዳቤውን በአክብሮት መልሰው ሥራቸውን እዚሁ እንዲቀጥሉ ነው።

የታሪክ መምህር (ሰበታ)

ወንድሜ፣ የጊቤው ምሳሌዎ ከጠቀሱበት ዓላማ በተቃራኒው የሚያስረዳ ይመስለኛል። ለቱርካና ዓሣ አስጋሪ ሐይቁ እንጀራው ነው፤ ከኦሞ ወንዝ ካልሆነ ደግሞ ሐይቁ ከሌላ ከየትም በቂ ውኃ አያገኝም። ሰዎቹ ስለ ራሳቸው ነው የተናገሩት፤ የኬንያ ምክር ቤትም በ2011 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን አንሥቶ ውሳኔ አሳልፏል። በእኛ በኩል የጎደለው በታችኛው ኦሞ የሚኖረው ሕዝብ እንዲሁ ተደራጅቶ የራሱን ሐሳብ፣ ድጋፍም ይሁን ተቃውሞ፣ በራሱ አንደበት አለማቅረቡ ነው። የማይናገር ሰው ባለበት ሌላው ይናገርለታል፤ ይህ ደግሞ ቆዬ ፈጬ ላይም ሊደርስ ይችላል።

ጠበቃ (አቃቂ)

ክርክሩን ሳላቋርጥ ከሕጉ በኩል ጥቂት ልጨምር። ቀድሞ በሥራ ላይ በነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ያገኘ ድርጅት በሰብአዊ መብትና በጾታ እኩልነት ጉዳይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር። በዚያ ዘመን ከውጭ ጥምረት ጋር እጅና ጓንት ሆኖ መሥራት የማኅበርን ህልውና የሚያሳጣ ነገር ስለነበር፣ በርካታ ድርጅቶች የመብት ሥራቸውን ትተው ወደ ልማት ዞሩ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ገደብ አንሥቷል። አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ ግን ደንግጓል።

እኅታችን ሊያጣሩት የሚገባው የማኅበራቸውን አመዘጋገብ ነው። አዋጁ ዕድርን፣ ዕቁብንና መሰል ባህላዊ ማኅበራትን አይመለከትም። በወረዳ «መረዳጃ» ተብሎ የተመዘገበ ስብስብ አቤቱታ ከመፈረም የሚያግደው ነገር ባይታየኝም፣ ከውጭ ድርጅት ጋር የገንዘብ ውል ሊዋዋል ሲፈልግ ግን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ ቀርቦ መመዝገብ ይኖርበታል። ጥምረቱ ለትርጉም፣ ለትራንስፖርት ወይም ለቪዲዮ ቀረጻ ብሎ ገንዘብ ከላከ፣ ገንዘቡ በአንድ አባል የግል የባንክ ሒሳብ እንዲገባ መስማማት ለራሷም ለማኅበሩም ጣጣ ያመጣል። ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንዲሉ።

የማኅበር ጸሐፊ (ቆዬ ፈጬ)

ጠበቃው እንደገመቱት በወረዳችን የተመዘገብነው በመረዳጃ ዕድርነት ነው። ጥምረቱ እስካሁን ስለ ገንዘብ ያነሣው ነገር የለም፤ ቢያነሣም ምን ማለት እንዳለብን አሁን አውቀናል። ተጠራጣሪው ወንድማችን ያሉትን አንዳንድ አባሎቻችንም ብለውታል። ይሁንና ደብዳቤውን ብንመልሰው ጥምረቱ ሌላ ማኅበር ፈልጎ ዘመቻውን ይቀጥላል እንጂ አይተወውም፤ ያን ጊዜ የእኛ ጉዳይ ጭራሹኑ ሳይነሣ ይቀራል የሚለው ያሳስበናል።

ቡና ቀማሽ (ቃሊቲ)

ጥያቄው ከአገር ቤት ተነሥቶ የውጭዎቹ ተሸክመውት የሄዱበትን አጋጣሚ በሙያዬ ስለማውቀው ልንገራችሁ። በመጋቢት 2005 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት «ይርጋጨፌ»፣ «ሐረር» እና «ሲዳሞ» የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ይርጋጨፌ ተሳካ። በሌሎቹ ላይ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ፤ መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ እንጂ የንግድ ምልክት አይደሉም ብሎ በመጀመሪያ ሳይቀበላቸው ቀረ። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ደግሞ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበት የራሱን ምልክት ቀድሞ አመልክቶ ነበር።

በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኦክስፋም የተባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት ነገሩን አደባባይ አወጣው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቡና ጠጪዎች ለኩባንያው በስልክ፣ በፋክስና በኢሜይል አቤት አሉ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስና ኢትዮጵያ የስሞቹን ባለቤትነት ለኢትዮጵያ የሚያውቅ የፈቃድ ስምምነት ፈረሙ። ለእናንተ ጉዳይ የሚጠቅመው ነጥብ፣ የሲያትልና የለንደን ደንበኛ ኢሜይል ሲልክ የሚጠይቀው ስለ አፍሪካ ድህነት በጠቅላላው ሳይሆን አዲስ አበባ ላይ ተጽፎ የተላከን አንድ የተወሰነ ነገር፣ ማለትም «ስምምነቱን ፈርሙ» የሚለውን መሆኑ ነው። ኩባንያው የሚፈራውም የራሱ ደንበኛ ስለነበረ ግፊቱ ሥር ነበረው።

ማሳሰቢያ ይኑረኝ። እዚህ ጥያቄውን የጻፈው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ በዋሽንግተን አማካሪና ጠበቃም ነበረው። ገበሬው ራሱ በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጠም፤ በስምምነቱም ለስሙ የሚከፈል ሮያሊቲ የለም። ስለዚህ «ገበሬው አሸነፈ» ብሎ መጻፍ አይቻልም። ያም ሆኖ ከዚያ ወዲህ በናሙና ከረጢት ላይ ያለውን ስም ገዢዎች የሚያዩበት ዓይን እንደተለወጠ በቅምሻ ጠረጴዛችን ላይ አይቻለሁ።

የቤይሩት ተመላሽ (ለገጣፎ)

እስካሁን በዝምታ ሳነብ ቆይቻለሁ። እኔም ቤይሩት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ጸሐፊዋ ስለጠየቀችው ጉዳይ በቅርብ የማውቀውን ልጻፍ።

ሊባኖስ በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጋለች። በጥር 2015 እ.ኤ.አ. የኔፓል፣ የፊሊፒንስ፣ የኢትዮጵያና የሌሎች አገሮች ሴቶች በአንድ የሊባኖስ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ጥላ ሥር የቤት ሠራተኞች ማኅበር መሠረቱ። የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ነፈገው፤ ቀጥሎም በ2016 መጨረሻ በማኅበሩ ንቁ ተሳትፎ የነበራቸው የኔፓል ሴቶች ታስረው ከአገር ተባረሩ። እዚያ በግልጽ የሚናገር ሰው የሚከፍለው ይህን ነው። አውሮፓ ተቀምጦ ለሚዘምተው ግን የሚያሰጋው ነገር የለም። ቪዲዮ ከሚቀረጹት ሴቶች መካከል እኅቷ ወይም ልጇ አሁንም እዚያ የምትሠራ ካለች፣ የድምፅ ቅጂ እንኳ በአሠሪዋ ጆሮ እንደማይገባ ማን ዋስትና ይሰጣታል?

በሌላ በኩል ድንበር ተሻግሮ መደራጀት ምን ያህል እንደሚጠቅም ያየሁትም እዚያው ነው። «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት እዚያው ቤይሩት ውስጥ የነበሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያራገፉ ሄዱ። ያን ጊዜ ምግብና ማደሪያ ለማቅረብ ከተረባረቡት መካከል እነዚሁ ሴቶች ይገኙበታል። የዓለም ጋዜጦች ለወሬያቸው ሰው ሲፈልጉ እነሱን አገኙ፤ እነሱም ፍላጎታቸውን በራሳቸው አንደበት ተናገሩ።

ግፊቱ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚያሳይ ሌላ ነገር ልጨምር። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. የሊባኖስ ሠራተኛ ሚኒስቴር ሠራተኛዋ ሥራ እንድትለቅ የሚፈቅድ፣ ዝቅተኛ ደመወዝንና የዕረፍት ቀንን የሚደነግግ አዲስ መደበኛ ውል አወጣ። የአስመጪ ኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር ወዲያው ከሰሰና በጥቅምት ወር የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ውሉን አገደው። እንግዲህ ኤጀንሲዎቹ እዚያ እንደተደራጁ እዚህም ተደራጅተዋል፤ ከሁለቱም ጫፍ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ የእናንተ ጥያቄ ስለ አዲስ አበባው ኤጀንሲ ካልተናገረ የመንገዱን ግማሽ ብቻ ነው የሚነካው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ እንዲሆን አድርጓል፤ በባንክ የሚያስይዘው ዋስትናም አለ። ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው እዚህ በመሆኑ ለዚህ ቤይሩት ድረስ መጮኽ አያስፈልግም፤ የጥምረቱ ጽሑፍ ይህን ካላወቀ ከእናንተ በቀር የሚነግረው የለም።

አንድ ነገር ደግሞ በድፍረት ልናገር። እዚሁ አዲስ አበባ በየቤቱ የምትሠራው ልጅ ሁኔታዋ ምን ይመስላል? የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ውልን አይሸፍንም፤ የቤት ሠራተኛ የሥራ ሁኔታ በሚወጣ ደንብ ይወሰናል ብሎ ትቶታል። ወደ አረብ አገር ጣታችንን ስንቀስር ሦስቱ ጣቶች ወደ ራሳችን ይቀሰራሉ፤ ዘመቻው ይህንንም ቢያነሣ የሚሰማው ሰው ያከብረዋል ብዬ አምናለሁ።

ተጠራጣሪው (ሰንዳፋ)

የለገጣፎዋ እኅቴ የተናገሩትን ተቀብያለሁ። እንዲያውም አንድ ነገር ላክልበት። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስታባርር ዋሽንግተንና ለንደን ያሉ ኢትዮጵያውያን በሳዑዲ ኤምባሲዎች ደጃፍ ድምፃቸውን አሰሙ፤ አዲስ አበባ ላይ በዚያው ኤምባሲ ፊት ሊደረግ የነበረው ሰልፍ ግን በፖሊስ ተበተነ። ያን ጊዜ ውጭ ያለው ሰው ባይናገር ኖሮ ማንም ባልተናገረ ነበር። ይህን እኔም አልክድም። የምቃወመው ተዘጋጅቶ በመጣ ወረቀት ላይ መፈረምን ነው።

የስብሰባ ተርጓሚ (ቱሉ ዲምቱ)

በስብሰባ ትርጉም ሥራዬ የአፍሪካ ኅብረትን ግቢ ደጋግሜ ስለማውቀው አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። የናይሮቢና የዳካር ማኅበራት አውሮፕላን ተሳፍረው የሚመጡበትን ግቢ፣ ሚኒባስ ብቻ የሚያስፈልገን እኛ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለነዋል። እዚያ ግቢ ውስጥ ጥያቄን በአግባቡ ማቅረብ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የ1996 ዓ.ም. የክረምቱን ጉባኤ ማስታወስ ይበቃል። የአፍሪካ ሴቶች መብት ፕሮቶኮል በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ማፑቶ ላይ ጸድቆ ነበር፤ ሥራ ላይ ለመዋል የ15 አገሮች ማጽደቂያ ያስፈልገዋል። ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ የሴቶች ማኅበራት ጥምረት መሥርተው አዲስ አበባ ላይ ለመሪዎቹ ካርድ ማደል ጀመሩ። ያጸደቀ አረንጓዴ፣ ፈርሞ ያላጸደቀ ቢጫ፣ ሁለቱንም ያላደረገ ቀይ ካርድ ይሰጠው ነበር። በተመሳሳይ ጊዜ በሞባይል አጭር መልእክት የሚፈረም አቤቱታ አሰራጩ፤ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ዘዴ ነበር። ፕሮቶኮሉ ከአሥራ ስድስት ወራት ገደማ በኋላ፣ በኅዳር 2005 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ዋለ። የእኛ አገር ያጸደቀችው ግን በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ካርዱ የታደለበት ከተማ ሳይቸኩል ቆየ ማለት ነው።

ካርዱ የሠራው ከሌሎች አቻዎቻቸው ፊት የሚያሳፍር ነገር ስለሆነ ነው። መሪው በአገሩ ምክር ቤት የማይጠየቀውን እዚህ ጎረቤቱ ቀና ብሎ ያየዋል።

ለእናንተ የሚቀርበው በር ግን በሌላ በኩል ይመስለኛል። የዓለም ሥራ ድርጅት በሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. የቤት ሠራተኞችን ስምምነት ቁጥር 189 ሲያጸድቅ ድምፅ የሰጡት መንግሥታት ብቻ አልነበሩም፤ አሠሪዎችና ሠራተኞችም የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ውጤቱም 396 ለ16 ሆኖ 63 ድምፀ ተአቅቦ ተመዘገበ። ለዚህ የደረሱት የቤት ሠራተኞች ማኅበራት ዓለም አቀፍ መረባቸውን ለዓመታት ሲያዘጋጁ ቆይተው ነው፤ መረቡም በ2013 እ.ኤ.አ. ሞንቴቪዴዮ ላይ ፌዴሬሽን ሆነ። በእኛ በኩል በዚያ አዳራሽ የሠራተኛው ወንበር ያለው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ነው። ከአውሮፓው ጥምረት በፊት የኢሠማኮን በር ማንኳኳት ይቀላል፤ ፊሊፒንስ ስምምነቱን ቀድመው ካጸደቁት መካከል መሆኗም ሠራተኛ ላኪ አገር ስለ ራሷ ሰው መናገር እንደምትችል ያሳያል።

የታሪክ መምህር (ሰበታ)

ስለ ምስክርነቱ ቪዲዮ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ1992 እ.ኤ.አ. በስድስት ድርጅቶች የተጀመረው የተቀበረ ፈንጂን የማገድ ዘመቻ በአምስት ዓመት ውስጥ ኦታዋ ላይ ወደ ስምምነት ደርሷል፤ ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 1997 እ.ኤ.አ. ፈርማ በ2004 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። በዚያ ዘመቻ እግራቸውን በፈንጂ ያጡ ሰዎች የፎቶግራፍ ማድመቂያ ብቻ አልነበሩም። በስምምነቱ ውስጥ ስለ ተጎጂዎች እርዳታ የሚናገረው አንቀጽ እንዲገባ የተሟገቱት እነሱ ናቸው። በ1997 የኖቤል ሽልማቱን በዘመቻው ስም ኦስሎ ላይ የተቀበለውም ቱን ቻናሬት የተባለ፣ ሁለት እግሩን ያጣ ካምቦዲያዊ ነበር። ከጥምረቱ መጠየቅ ያለበት «ቪዲዮውን ማን ያየዋል?» ብቻ ሳይሆን «ከተናገሩት አባሎቻችን መካከል ጽሑፉን በሚያርመው ቡድን ውስጥ የምትቀመጥ አለች ወይ?» የሚለውም ነው።

የማኅበር ጸሐፊ (ቆዬ ፈጬ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን አትሜ ለስብሰባው አቅርቤዋለሁ፤ ማንበብ የሚያስቸግራቸው እትዬዎች ስላሉ ጮኽ ብለን ነው ያነበብነው። የተጠራጣሪው ወንድማችን አስተያየት ሲነበብ ያጨበጨቡ ነበሩ፤ የለገጣፎዋ እኅታችን ሲነበብ ግን ቤቱ ጸጥ አለ፤ ስለ ኔፓሎቹ ሴቶች ደግመን እንድናነብ የጠየቁም ነበሩ።

ተዘጋጅቶ የመጣውን ጽሑፍ እንዳለ ላለመፈረም ተስማምተናል። በምትኩ አንድ ሰው ለጥምረቱ መልስ ይጽፋል። መልሱ የከፋላው ጥያቄ የእኛም መሆኑን ገልጾ፣ ያልተከፈለ ደመወዝንና የላኪ ኤጀንሲዎችን ተጠያቂነት የሚመለከት ክፍል እኛ በአማርኛ ጽፈን እንድንልክ፣ እሱም ሳይቆራረጥ እንዲገባ ይጠይቃል። ክፍሉ የአገር ውስጥ የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ይጨምር ወይስ አይጨምር በሚለው ረዘም ያለ ክርክር ተደርጎ፣ በቤቷ ሠራተኛ ያላት አንዲት አባላችን ራሷ «ይግባ» ብላ ስለተናገረች ገብቷል። ፊት የሚታይበት ቪዲዮ አንሰጥም። በጽሑፍና ስም ተለውጦ የሚቀርብ ምስክርነት ለመስጠት ሁለት አባላት ፈቅደዋል፤ ይፋ ከመሆኑ በፊት በማንኛውም ጊዜ ሐሳባቸውን መለወጥ እንዲችሉ በደብዳቤው ላይ ይጻፋል። ከዚሁ ጎን ለጎን ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሚገባ ሌላ ደብዳቤ ተዘጋጅቷል፤ ከኢሠማኮም ቀጠሮ ጠይቀናል።

በአንድ ነገር እስካሁን አልተስማማንም። ጥምረቱ ሐሳባችንን ካልተቀበለ ጨርሶ እንውጣ ወይስ በታዛቢነት እንቆይ? ለዚህ መልስ ያላችሁ ብትጽፉልን።

ጠበቃ (አቃቂ)

በታዛቢነት መቆየት ማለት ስማችሁ በደጋፊዎች ዝርዝር አይወጣም፣ ስብሰባውን ግን ትከታተላላችሁ ማለት እንዲሆን በደብዳቤው ላይ አስጽፉት። ያልተጻፈ ታዛቢነት ከስድስት ወር በኋላ ደጋፊነት ሆኖ ታትሞ ይወጣል።

የቤይሩት ተመላሽ (ለገጣፎ)

እኔ ቆዩ እላለሁ፤ ውጭ ሆኖ ምን እየተባለ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ስለ ደመወዝ የጻፋችሁት ክፍል ሲያልቅ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲቀር አትፍቀዱ። ቤይሩት ላሉት የሠራተኛ ማኅበራት የሚደርሰው በአረብኛ ከሆነ ነውና የአረብኛውን ቅጂ እኔ አዘጋጃለሁ። የውሉን ቃላት ያለ ስህተት ለማስቀመጥ ግን ከአባሎቻችሁ አንዷ እዚያ የፈረመችው የአረብኛ ውል ካላት፣ ስሟንና የፓስፖርት ቁጥሯን ሸፍናችሁ ፎቶ ኮፒውን በዚሁ መድረክ የግል መልእክት ላኩልኝ።